ወደ አንስ ማርት በጀልባ

ሃደርስፊልድ፣ እንግሊዝ
ሴፕቴምበር 11 ቀን 1988

ለአክስቴ ልጅ ለሉሲል ልጅ፣ ለኮስኔል

ከሁሉ አስቀድሜ አንተ፣ ሚስትህ ኦሪንትያና ልጆቹ በእግዚአብሔር ቸርነት እንደምን ከረማችሁ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መዋል አልለመድኩም። ኧርነስቲን ላይ እጮሃለሁ፤ እሷም ችላ ትለኛለች።

የምጽፍልህ ስለ እሷው ነው። የእህቴ ዓይን እየደከመ መሄዱን ነግሬህ ነበር። አሁን ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። ከመሃል እየጠቆረባት ነው፤ የምታየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ሰው ፊት ለፊቷ ቢቆም ፊቱ አይታያትም፤ ጆሮና ትከሻውን ነው የምታየው። ያም ቢሆን ብዙ አይቆይም አለን።

ከሐኪሙ ዘንድ ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ "ቬርኒ፣ አንስ ማርትን አንዴ ልየው" አለችኝ። ኧርነስቲን በሕይወቷ ነገር ስትለምነኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አንተም የምታውቀው ቦታ ነው። አባታችን መረቡን የሚጎትትበት፣ እናታችን በሦስት ድንጋይ ላይ ድስት ጥዳ የዓሣ ሾርባ የምታበስልበት። እኔን ዋና ያስተማረችኝ ኧርነስቲን ናት፤ እዚያው ውሃ ውስጥ ፀጉሬን ይዛ። ከኋላው ገደልና እሾህ ስለሆነ በእግር አይገባም፤ በጀልባ ብቻ ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ እንመጣለን። ትኬታችንን ቆርጠናል። ከአንተ የምፈልገው በጀልባህ አንስ ማርት እንድታደርሰን ነው። ለሞተርህ የጠየቅኸውን ካንዴላ ልኬልሃለሁ።

ባሕሩ ይገራልህ።

አክስትህ ቬርኔታ


ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
ኖቬምበር 20 ቀን 1988

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ ቬርኔታ

ይህች ወረቀት እርስዎንና እትዬ ኧርነስቲንን በሙሉ ጤና ታግኝልኝ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፖስታ ቤታችን ሴትዮ ወልዳ ተኝታ ነበር፣ ባሏ በቦታዋ ተቀምጦ የመንደሩን ደብዳቤ በሙሉ ደባልቆት ሰነበተ። ለእኔ የደረሰኝ የቄሱ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነው።

ካንዴላው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ እትዬ ኧርነስቲን ዓይን ሰምተን አዘንን። ኦሪንትያ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስሟን አስጠርታለች።

ስለ አንስ ማርት ግን፣ ፌብሩዋሪ ላይ ነፋሱ ክፉ ነው። እርስዎ ከሄዱ ብዙ ዘመን ስለሆነ ረስተውት ይሆናል። ማዕበሉ እዚያ የወሽመጡ አፍ ላይ ይሰበራል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ይዞ መግባት ያስፈራል። በመኪና የሚደረስበት ስንት ጥሩ የባሕር ዳር አለ፤ ወንድሜ በመኪናው ያደርሳችኋል። አሸዋ አሸዋ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ማሰሪያ ያለው፣ ቁጥሩ ዘጠኝ። እዚህ የሚሸጠው ዝናብ ሲነካው አፉን ይከፍታል።

እግዚአብሔር በብርዱ አገር ያሙቅዎት።

ልጅዎ ኮስኔል


ሃደርስፊልድ
ዲሴምበር 12 ቀን 1988

ኮስኔል ሆይ፣ ሰላምታዬ ከቤትህ ደጃፍ ጀምሮ እስከ ጓዳህ ይድረስ።

"አሸዋ አሸዋ ነው" ብሎ የጻፈልኝ አንተ ነህ ወይስ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ባል? እናትህ ሉሲል ብትሰማህ ጆሮህን ትጎትተው ነበር። ነፋሱን አልረሳሁትም። አባቴ ፌብሩዋሪ፣ ማርች ሳይል እዚያ ይገባ ነበር፤ ከአፉ በስተ ግራ፣ ድንጋዩን ተጠግቶ። አንተንም ያስተማረህ እሱ ነው።

ጫማውን ልኬልሃለሁ። ገበያው ውስጥ እየዞርኩ በጣቴ እየተጫንኩ ነው የመረጥኩት። ደስ ብሎኛል። ለቤተ ክርስቲያን መሆኑን ገምቻለሁ፤ በሰርግህ ቀን እንኳ የወንድምህን ጫማ ተውሰህ እንደነበር ሉሲል ጽፋልኝ አፍሬ ነበር።

ጥያቄዬን ግን አልመለስክልኝም። ትወስደናለህ ወይስ አትወስደንም? ኧርነስቲን ሌሊት ሌሊት ስለ ውሃው ቀለም ትነግረኛለች። ሐኪሙ ያለው እየደረሰ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስኳር መስሏት ሻያችን ውስጥ ጨው ጨመረች። እኔም ጨልጬ ጠጣሁት።

ቶሎ ጻፍልኝ። የገናው ሕፃን ቤትህን ይባርክ።

ቬርኔታ


ዊንድዋርድ
ጃንዋሪ 22 ቀን 1989

እትዬ ቬርኔታ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎት።

ጫማው ልክክ ብሎኛል፤ እጅዎ ይባረክ። ጀልባዬ ግን ከውሃ ወጥታ እንጨት ላይ ናት፤ ጎኗ ተሰብሯል። ስለዚህ አንስ ማርት አይሆንም፤ እባክዎ በዚህ ነገር አይሟገቱኝ። ሲመጡ እኛ ቤት እራት ይበላሉ። ኦሪንትያ ከአሁኑ ዶሮዋን ለይታ እያደለበች ነው።

በሰላም ያምጣችሁ።

ኮስኔል


ሃደርስፊልድ
ማርች 5 ቀን 1989

ኮስኔል

በሰላም ገብተናል። ሰላምታውን እዚህ ላይ አበቃሁ።

ነገሩ ሲሆን አንተም እዚያው ነበርክ። ቢሆንም በእኔ ዓይን ምን እንደሚመስል ተነግሮህ እንድታውቀው እጽፍልሃለሁ።

በደረስን ማግስት ቤትህ መጣን፤ አልነበርክም። ኦሪንትያ "ሥራ ላይ ነው" አለችን፤ ምን ሥራ እንደሆነ ስጠይቃት ዶሮዋን ልታሳየኝ ይዛኝ ወደ ጓሮ ሄደች። ረቡዕ ማታ ለእራት ጋበዘችን። ጀልባህም እንዳልከው እንጨት ላይ ነበረች፤ በዚያ አልዋሸህም።

ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌውን ሲልቫንን ለመንኩት። "እወስዳችኋለሁ፤ ግን ጀልባዬ ላይ እንዳታለቅሱብኝ" አለን። የምን ለቅሶ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው አፍሮ ነው ያልነገረን። ለመንደሩ ሰው ሁሉ አፍሮ።

የአለቱን አፍንጫ ስንዞር ኧርነስቲን አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች፤ የምታየው በዓይኗ ዳር ስለሆነ። "ውሃው ያው ነው" አለች። ሁለተኛም አለችው። እኔ ደግሞ ያየሁት ከአለት እስከ አለት የተዘረጋ ገመድ ነው፤ ብርቱካንማ ኳሶች የተሰኩበት። ከበስተኋላው ነጭ ወንበሮች በሰልፍ። ሲልቫን ገመዱን በመቅዘፊያው ከፍ አድርጎ አሳለፈን።

የእሷም ጉልበት አሸዋ ላይ አያስቀምጣትም፤ ስለዚህ ጫማዋን እስክታወልቅ አንዱ ወንበር ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። አንዱን አወለቀች። በዚያን ጊዜ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ዘበኛ ወደ እኛ መጣ። በመጀመሪያ ያወቅሁት ጫማውን ነው። በጣቴ እየተጫንኩ የመረጥኩት ጫማ፣ አሸዋ ላይ፣ እኛን ሊያባርር ሲመጣ።

"እመቤት፣ ወንበሩ ለሆቴሉ እንግዶች ነው" አልክ።

ኧርነስቲን ፊቷ በራ። "ይህ የሉሲል ልጅ ድምፅ ነው። ኮስኔል፣ አንተ ነህ?" ብላ እጇን ዘረጋችልህ።

ከኋላህ ወደ ቆመው ሥራ አስኪያጅ ዞር ብለህ አየህ። ከዚያ እጇን አልፈህ፣ "እመቤት፣ ከገመዱ ውጭ ይሁኑ። እዚህ መዋኘት አይፈቀድም" አልካት።

እመቤት። ዳይፐርህን የቀየረችልህን ሴት። ወደ እንግሊዝ ከመሄዷ በፊት ጀርባዋ ላይ አዝላህ ስትዞር ሰው የሷ ልጅ ይመስለው ነበር።

እኔ ብዙ ተናገርኩ፤ የተናገርኩትንም አልመልስም። ሲልቫንም "አንተ ልጅ፣ ይህ አሸዋ ላይ ነው ጥርስ ያወጣኸው፤ አሁን በጥርስህ ልትነክሰን ነው?" ሲልህ ሰምተሃል። ኧርነስቲን ግን እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ጫማዋን በዳበሳ ፈልጋ አጠለቀች። ከሃደርስፊልድ ድረስ የመጣችለት ውሃ እግሯን አልነካም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ፣ "ተሳስቼ ነው፤ ሌላ ሰው ነው አይደል?" አለችኝ። "አዎ፣ ሌላ ሰው ነው" አልኳት። ውሸት ለመናገር የበቃሁት ለአንተ ስል አይደለም።

ማታ እራት አልመጣሁም። ለምን እንደቀረሁ ከዚህ በላይ የምነግርህ የለም። መልስ ጻፍ አትጻፍ፣ እንደ ፈቃድህ።

ቬርኔታ


ዊንድዋርድ
ሜይ 28 ቀን 1989

እትዬ ቬርኔታ

እንደ ወትሮው ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ የእትዬ ኧርነስቲንንም።

ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍ የቆየሁት አፍሬ መስሎዎት ይሆናል። ማፈሩስ አፍሬአለሁ። ዝም ያሰኘኝ ግን ንዴት ነው። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ንዴቴ ይቀድመኛል። አሁንም አልወጣልኝም፤ እንዲያው ልጻፈው።

እርስዎ ገመዱን ያዩት አንድ ቀን ነው። እኛ በየቀኑ እናየዋለን። ሆቴሉ ከመጣ ወዲህ አንስ ማርት ላይ መረብ መጎተት ቀረ፤ የኛ ጀልባ የእንግዶቹን ዋና ይረብሻል ተባለ። ወደ ከተማ ሄደን ጮህን። አዳመጡን፣ ውሃ አጠጡን፣ መልሰው ላኩን። ከዚያ ሆቴሉ ብዙ የጮህነውን መርጦ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረን። ለምን እኛን እንደመረጠ ያልገባኝ ይመስልዎታል? ገብቶኛል። ግን ማዕበል ጀልባዬን ሰብሮብኝ፣ ኦሪንትያ አራተኛውን አርግዛ፣ ምን ልበል? አይ፣ እምቢ፣ ክብሬ ይበልጣል? ክብር ድስት ውስጥ ገብቶ አይበስልም።

እናንተ በመጣችሁበት ሳምንት ባልደረባዬን ዊልበርትን አባረውታል። ጥፋቱ አማቱን የባሕር ወይን ፍሬ እንድትለቅም ማስገባቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ አሰልፎን፣ "ዘመድ ያስገባ ከዘመዱ ጋር ይወጣል" ይለናል። ያን ቀን ከኋላዬ ቆሞ የነበረው ያው ነው። ሁላችሁም ስትጮሁብኝ እሱ ይስቅ ነበር፤ ይህን አላዩም።

እንዳይመጡ ያልለመንኩበት መንገድ አለ? ነፋስ አልኩ፣ ማዕበል አልኩ፣ ጀልባ አልኩ። በግልጽ አልጻፍኩም፤ እውነት ነው። "እትዬ፣ በአባትዎ የመረብ ቦታ ላይ ዘበኛ ነኝ" ብዬ እንዴት ልጻፍ? እርስዎ እዚያ ሆነው አንስ ማርትን ልክ እንደተዉት አስቀምጠውታል። እኛ ግን ውስጡ እንኖራለን። የእናትዎን መቃብር ሣር የማጭደው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ኖራ የምቀባውም እኔ ነኝ። አንድም ቀን ማን እንደሚያደርገው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ምስጋና ብዬ አላነሳሁት።

የረቡዕ ማታውን ግን አልተውልዎትም። ኦሪንትያ ዶሮዋን አርዳ፣ የበቆሎ ገንፎውን ገልብጣ፣ የእርግብ አተሩን ሠርታ፣ ከጎረቤት የጠረጴዛ ልብስ ተውሳ ጠበቀችዎት። ልጆቹ እንቅልፍ እስኪጥላቸው አንድ ጉርሻ አላቀመሰቻቸውም። እሷ ምን በደለችዎት? እኔን ሊቀጡ ብለው የሷን ገበታ ናቁ። እኔ በሰው ፊት እትዬ ኧርነስቲንን አላውቃትም አልኩ፤ እርስዎም ሚስቴን አላውቃትም አሉ። ልዩነቱ እኔ ፊሽካ ማንጠልጠሌ ነው።

ጫማውን ከፈለጉት እልክልዎታለሁ።

ኮስኔል


ሃደርስፊልድ
ጁላይ 2 ቀን 1989

ኮስኔል

ይድረስህ። ደኅና ነን።

ጫማውን አትላክ። ማንም እዚህ ዘጠኝ ቁጥር አያጠልቅም።

አብራ የተላከችው ሌላዋ ወረቀት የኦሪንትያ ናት፤ አንተ አትክፈታት። ገበታዋን በመናቄ ለእሷ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። በዚያ ትክክል ነህ። ስለ እናቴ መቃብርም ትክክል ነህ። በቀረው ሁሉ እንደተናደድኩ ነኝ፤ በተለይ "ልዩነቱ ፊሽካ ነው" ባልከው። ልዩነቱ ፊሽካ አይደለም። ኦሪንትያ ለምን እንደቀረሁ ልትጠይቀኝ ትችላለች፤ አንደበትና ዓይን አላት። ኧርነስቲን ግን እጇን ዘርግታ ጨለማ ውስጥ ነው የቀረችው።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። ያን ጊዜ የዋሸኋትም አብሮ ወጣ። ይህን ጻፊልኝ አለችኝ፤ ቃል በቃል እጽፋለሁ።

"ኮስኔል፣ አንተ መሆንህን ጀልባው ላይም አውቄ ነበር። ቬርኒ ዋሽታ እንድታሳርፈኝ ብዬ ነው የጠየቅኋት። በድምፅህ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ በልጅነትህ ውሃው ውስጥ ጄሊፊሽ ሲነድፍህ የነበረው ዓይነት። ሥራህን አልነቅፍም፤ እኔም የሰው ሆስፒታል ወለል ስወለውል ኖሬአለሁ። የከፋኝ ገመዱ ነው። ማን ነው ውሃ ላይ ገመድ የሚያስር?"

እንዲህ ብላ ተኛች። እኔ ግን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ።

ቬርኔታ


ዊንድዋርድ
ኦገስት 20 ቀን 1989

ለእትዬ ቬርኔታና ለእትዬ ኧርነስቲን

የሰማይ ጌታ ሁለታችሁንም ይጠብቅልኝ። ኦሪንትያ ወልዳለች፤ ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው። የጻፉላትን ለማንም አላሳየችም፤ እኔንም ጨምሮ።

ከሥራ ተባርሬአለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የጀልባው እሽቅድድም ማግስት ነበር። ከቶሮንቶና ከእንግሊዝ ለእሽቅድድሙ የመጣው ሰው ሁሉ ገና አልተመለሰም። አንድም ሰው አድማ ያሰበ አልነበረም። ሲልቫን ብቻ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ "ነገ አንስ ማርት ላይ ድስት ልጥድ ነው። የሚበላ ይምጣ፤ ሙዝና የዳቦ ዛፍ ፍሬ ይዞ ይምጣ፤ ባዶ እጁን የሚመጣ እንጨት ይለቅማል" አለ። በማግስቱ ጠዋት አፍንጫውን ዞረው ሲመጡ አየኋቸው። የሲልቫን ጀልባ ከፊት፣ ከኋላ የዊልበርት፣ ከዚያ ሌላውም ሌላውም፤ በአንዷ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ገመዱን በቢላ ቆርጠው ገቡ።

ሥራ አስኪያጁ ከቁርሱ ተነስቶ ናፕኪኑን አንገቱ ላይ እንደሰካ ሮጦ መጣ። "አስቁማቸው" አለኝ። ፊሽካዬን አፌ ውስጥ አደረግሁ። ሲልቫን ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ፣ "ያዝ" አለና ገመድ ወረወረልኝ።

እትዬ፣ እናንተ የባሕር ሰው ልጆች ናችሁ። ገመድ ሲወረወርላችሁ እጃችሁ ምን ያደርጋል? አሰብኩና ወሰንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። እጄ ነው የያዘው። ከያዝኩ በኋላ ግን መልቀቅ እችል ነበር።

"ልቀቅ" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

"ጀልባዋ ድንጋዩ ላይ ሄዳ ትሰበራለች" አልኩት።

"ትሂድ።"

ውስጧ የሲልቫን የልጅ ልጆችና አንዲት እርጉዝ ሴት ነበሩ። "ትሂድ" ሲል የሆቴሉ ወጥ ቤት ማዲሊን ከኋላው ቆማ ሰምታለች። "ምን አልክ?" አለችው። ሽርጧን አውልቃ አንዱ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወደ ውሃው ገብታ ከእኔ በታች ገመዱን ያዘች። አትክልተኛውም መጣ። ጀርባው በፀሐይ የተቃጠለ አንድ የሆቴሉ እንግዳ ምን እንደሆነ ሳይገባው መጥቶ አብሮን ጎተተ፤ በኋላ ሾርባም ጠጥቷል።

ጀልባዎቹን ሁሉ አወጣናቸው። ሲልቫን ጀርባዬን መታ አደረገና፣ "ጥርስህ ተመለሰ?" አለኝ።

እኔና ማዲሊን ከሰዓት በኋላ ተባረርን። ፖሊስም በጀልባ መጣ። ፖሊሱ የኛው አገር ልጅ ነው፤ ሾርባውን በላ፣ ከዚያ ቆሞ ወንበሩን እንዳንነካ፣ ሥራ አስኪያጁም አሸዋው ላይ ያለን ሰው እንዳያባርር ተናገረ። አሸነፍን አልልም። ወንበሮቹ ዛሬም አሉ። ከሌላ ደሴት አዲስ ዘበኞች አምጥተዋል፤ ቀኑን ሙሉ በክፉ ዓይን ያዩናል። ገመዱን ግን መልሰው አላሰሩትም። ሰዉ በየእሑዱ እየሄደ ነው፤ መረብም ሁለቴ ተጎትቷል።

የጀልባዬን ጎን ከሲልቫን ጋር እየሠራን ነው። ከእናንተ የምፈልገው ዕቃ የለም። እትዬ ኧርነስቲን ብትመጣ ግን እኔ ነኝ የምወስዳት። ነፋስ ቢኖርም።

ኮስኔል


ሃደርስፊልድ
ኦክቶበር 15 ቀን 1989

ለኮስኔል፣ ለኦሪንትያና አዲስ ለመጣችው ልጅ

እግዚአብሔር ያሳድጋት። የሱፍ ካልሲዋን ልኬአለሁ፤ እዚያ ሙቀት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ታድርገው።

ደብዳቤህ ሲደርስ ኧርነስቲን ልትሰማው እንጂ ልታየው አልቻለችም። ዓይኗ አብቅቷል። ሴፕቴምበር ውስጥ አንድ ጠዋት ተነስታ "መጋረጃውን ክፈቺው" አለችኝ፤ መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ልታየው የፈለገችውን ዳር ዳሩን አንዴ አይታዋለች፤ በዚያች ረቡዕ፣ አፍንጫውን ስንዞር። ከዚያ በላይ አይደገምም። ይህን ሳስብ ያንን ሥራ አስኪያጅ እዚህ የኛን መንገድ በረዶ በአካፋ ሳያነሳ እንዳይሞት እመኛለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ለአንተም ያኔ ከእሱ ጋር አብሬ እመኝልህ ነበር።

የገመዱን ነገር ሳነብላት ሳቀች። ደግመሽ አንብቢ አለችኝ፤ ከዚያ ናፕኪኑን፣ ከዚያ ማዲሊንን። "ይቅር ብየዋለሁ በይው" አለችኝ። ይቅርታዋ የራሷ ነው። የእኔ ገና ነው፤ ሥራህን አጥተሃልና ልቤ ራርቷል፣ ነገር ግን የዘረጋችው እጅ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ፌብሩዋሪ ላይ እንመጣለን። ከጀልባህ ሌላ በማንም ጀልባ አንገባም። ለኦሪንትያ መጀመሪያ ቀን እሷ ቤት እንደምንበላ ንገራት፤ ዶሮዋን እኔ ራሴ እገነጣጥላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሃለሁ። አንስ ማርት ስንደርስ እሷን አሸዋው ላይ አቁሜ እጇን እለቃለሁ። ያን ቀን ቆመህ በነበርክበት ቦታ ቁም። አዲሶቹ ዘበኞች እየሰሙ፣ ሰውየውም ካለ እሱ እየሰማ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ በስሟ ጥራት። እትዬ ኧርነስቲን በላት። በድምፅህ ወደ አንተ ትመጣለች፤ ከዚያ እጇን ይዘህ ውሃው ውስጥ አስገባት።

ቬርኔታ